ጣራ የሌለው አዳራሽና የአድማጩ ድርሻ

በኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በአውሮራ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ሬድ ሮክስ የተባለው ክፍት አምፊቲያትር እንግዳ ስም አይደለም። ሰመር በገባ ቁጥር ልጆቻችን ቲኬት ቆርጠው ወደዚያ ይወጣሉ፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት ዘመድ ሲመጣም ከምናሳየው ቦታ አንዱ እሱ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዘፋኝ ወይም ስለ አንድ ኮንሰርት ሳይሆን ወደዚህ ዓይነቱ ግዙፍ የአደባባይ መድረክ ለመሄድ ስለሚደረግ ዝግጅት ነው። ጉዳዩ ለዲስኩር የማይበቃ ሊመስል ይችላል፤ ቲኬት መግዛትና መኪና ማስነሣት ምን ንግግር ያስፈልገዋል ይባል ይሆናል። የእኔ ክርክር ግን ይህ ነው፦ ክፍት አምፊቲያትር ጣራና ግድግዳ ስለሌለው፣ ጣራና ግድግዳ የሚሠሩትን ሥራ አድማጩ ራሱ ይረከባል። ዝግጅቱም አድማጩ ለኮንሰርቱ የሚያዋጣው ድርሻ ነው። ድርሻውን ያዋጣ ሰው ሙዚቃውን ይሰማል፤ ያላዋጣው ግን የከፈለበትን ሙዚቃ ትቶ ብርዱን፣ ጥማቱንና የጉልበቱን ሕመም ሲያዳምጥ ያመሻል።

ቦታው ራሱ ለዚህ ክርክር የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሬድ ሮክስ ከዴንቨር መሀል ከተማ በስተ ምዕራብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሞሪሰን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,966 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ግራና ቀኙን አቅፈው የያዙት ሁለቱ ቀያይ ቋጥኞች፣ ክሪኤሽን ሮክና ሺፕ ሮክ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 90 ሜትር ይጠጋሉ፤ ድንጋያቸው ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጥንት ተራሮች ተሸርሽሮ የወረደ አሸዋና ጠጠር ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጆን ብሪስበን ዎከር የተባለ ባለሀብት ጊዜያዊ መድረክ አቁሞ ሙዚቃ አሰማበት። የዴንቨር ከተማ በ1928 ቦታውን ገዛው። የከተማዋ የመናፈሻዎች ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ክራንመር ቋሚ አምፊቲያትር እንዲሠራ ወተወተ፤ ንድፉን የዴንቨሩ አርክቴክት በርናም ሆይት አወጣ፤ ጉልበቱን ደግሞ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የፌዴራል መንግሥት በጓድ ያደራጃቸው ሥራ አጥ ወጣቶች አዋጡ። ሥራው በ1936 ተጀምሮ ጁን 15 ቀን 1941 በይፋ ተከፈተ። በ70 ረድፎች ከ9,500 በላይ ሰው ይይዛል፤ በ2015 ደግሞ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የሆይት ብልሃት በሠራው ላይ እንዳለ ሁሉ ሳይሠራ በተወው ላይም አለ። ቋጥኞቹን ግድግዳ፣ ሰማዩን ጣራ አደረገ፤ ረድፎቹንም በዳገቱ ላይ ዘረጋ። ዛሬ ከመድረኩ በላይ የምናየው ክዳን በኋላ የተጨመረ ነው፤ የሚጋርደውም ሙዚቀኞቹንና መሣሪያዎቻቸውን እንጂ ሕዝቡን አይደለም። አዳራሽ ለአድማጩ አራት ነገር ያደርግለታል። ዝናብና ብርድን ይከላከልለታል፤ ድምፁን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያስተጋባ ያደርስለታል፤ ወለሉን አስተካክሎ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ሰጥቶ ሰውነቱን ያሳርፍለታል፤ መሀል ከተማ ላይ ስለሚሠራም መምጫና መሄጃውን ያቀልለታል። በክፍት አምፊቲያትር አራቱም ወደ አድማጩ ይተላለፋሉ። በአገራችን ሠርግ የደገሰ ሰው ለምን ዳስ እንደሚጥል ማንም አይጠይቅም፤ ዝናብ ቢመጣ፣ ፀሐይ ቢበረታ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቢጠፋ ኀፍረቱ የደጋሹ ነውና። በሬድ ሮክስ ዳስ የሚጥልልን ደጋሽ የለም፤ ዳሳችንን ይዘን የምንወጣው እኛው ነን።

ከአራቱ አየሩን አስቀድማለሁ፤ ክፉውን ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነውና። በኮሎራዶ ተራሮች ግርጌ የሰመር ቀን ብዙ ጊዜ በጠራ ሰማይ ይጀምራል። ፀሐይ ተራራውን ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላና አመሻሹ ላይ ደመናው ተቆልሎ ነጎድጓድ፣ መብረቅና በረዶ ያመጣል። ሕዝቡ ወደ ረድፎቹ የሚገባውም በዚሁ ሰዓት ነው። ጁን 21 ቀን 2023 የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የሉዊ ቶምሊንሰን ኮንሰርት ሲጠበቅ በአምፊቲያትሩ ላይ የጎልፍ ኳስ የሚያህል በረዶ ወረደ። የአካባቢው የእሳት አደጋና ነፍስ አድን አገልግሎት ከ80 እስከ 90 ሰው እንደተጎዳና ሰባቱ ወደ ሆስፒታል እንደተወሰዱ አስታወቀ፤ ኮንሰርቱም ሳይካሄድ ቀረ። መሀል ረድፍ ላይ ያለ ሰው መጠለያ ለመድረስ በሰው የታጨቀ ደረጃ መውጣት ወይም መውረድ አለበት፤ በረዶው ደግሞ ይህን ጊዜ አይሰጠውም። ስለዚህ መጠለያው የሚታሰበው ሰማዩ ገና ጠርቶ ሳለ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ግን ቀድሞ መታሰብ አለበት። በዚያኑ ቀን ጠዋትና ከቤት ሲወጣ የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎትን ትንበያ ማየት፤ ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ለመምታት የሚያስችል ርቀት ላይ እንዳለ ማወቅ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አለመመለስ። በሬድ ሮክስ ኮንሰርት በተራ ዝናብ አይሰረዝም፤ ጃንጥላ ደግሞ የኋላውን ተመልካች ስለሚጋርድ አይፈቀድም። መፍትሔው ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ነው። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዴንቨር ሜዳ አድርጎ ስለሚቀመጥ ፀሐይዋ ከጀርባው፣ ከተራራው ኋላ ትጠልቃለች፤ ጥላው ቶሎ ይመጣል፤ ደረቁና ስሱ አየርም የቀኑን ሙቀት ይዞ አያቆይም። በቀትር በቲሸርት የወጣ ወጣት በምሽቱ ሦስት ሰዓት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ እኛ ከሌላው ሕዝብ የተሻለ ዕቃ አለን፤ አንድ ጋቢ ሁለት ሰው ያለብሳል፣ ሲታጠፍም በጠንካራው አግዳሚ ላይ ትራስ ይሆናል።

የቦታውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል። በሬድ ሮክስ ከተካሄዱት ኮንሰርቶች ሁሉ ስሙ የገነነው የትኛው ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ጁን 5 ቀን 1983 የአየርላንዱ ዩ ቱ ባንድ በዝናብና በጭጋግ መሀል የተጫወተው ነው። የዚያን ቀን አየሩ በጣም ከመክፋቱ የተነሣ ዝግጅቱ ሊሰረዝ ተቃርቦ ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰውም ቀረ። የመጡት ግን በዘመናቸው አንድ ጊዜ የሚገኝ ነገር አዩ፤ የኮንሰርቱ ፊልምም ባንዱን በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው። እንግዲህ ታላቁ ምሽት የተወለደው ዕቅድ ሲበላሽ ከሆነ ዕቅድን ይህን ያህል ማወደስ ምን ይባላል? ጥያቄው ብርቱ ነው። ግን ታሪኩን ወደ ውስጥ ገብተን እንየው። ያ ምሽት የገነነው ስለ ተቀረጸ ነው። የተቀረጸው ደግሞ ባንዱ፣ አሳታሚው ኩባንያና ፕሮሞተሩ ባሪ ፌይ ገንዘብ አዋጥተው፣ የቀረጻ ቡድንና መብራት ቀድመው አዘጋጅተው ስለ ነበር ነው። በዝናቡ ላልመጡትም በማግሥቱ በቦልደር ከተማ በቤት ውስጥ አዳራሽ ሌላ ዝግጅት ተይዞላቸዋል። ዝናቡ ያልታሰበ ነበር፤ ዝናቡን ወደ ጥበብ የለወጠው ግን የታሰበው ነው። ያልተጠበቀ ነገር የሚያስደስተው ለመቆም የሚያስችል ስንቅ ያለውን ሰው ነው፤ ሌላውን ወደ መኪናው ያባርረዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰውነት ነው። 1,966 ሜትር ከአዲስ አበባ ከፍታ ያነሰ ስለሆነ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሰው ላይከብደው ይችላል። ከዋሽንግተን፣ ከሂዩስተን ወይም ከሚኒሶታ የመጣ እንግዳ ግን ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ የሚጠጣው አልኮልም ከለመደው በላይ ይበረታበታል። በ1964 ቢትልሶች በዚሁ መድረክ ሲጫወቱ ለከፍታው ሲባል ኦክስጅን እንደ ቀረበላቸው ይነገራል። ከፍታው የፀሐይንም ጨረር ያበረታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከዚያ ደረጃው አለ። መኪና የሚቆምባቸው ስፍራዎች በተለያየ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከታችኞቹ ተነሥቶ ረድፍ ላይ መድረስ ለጤነኛ ወጣትም ልብ የሚያስመታ ዳገት ነው። አግዳሚዎቹ ጠባብና የጀርባ መደገፊያ የሌላቸው ናቸው። ውኃ መያዝ፣ ቀደም ብሎ ደርሶ በዝግታ መውጣት፣ እንግዳውንም ከአውሮፕላን በወረደበት ቀን ወደዚያ አለመውሰድ በቂ መድኃኒት ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቁ ነገር ዕቅድ ከማን መጀመር እንዳለበት ነው። እኛ ወደ ኮንሰርት ብቻችንን አንሄድም፤ በቤተሰብ፣ በጓደኛ፣ በዘመድ ስብስብ እንሄዳለን። ዕቅዱን የሚያወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ወጣትና ፈጣን የሆነው ነው፤ እሱም የራሱን እግር ለክቶ ቲኬት ይቆርጣል። ውጤቱም እናቱ 40 ረድፍ ሲወጡ በየአሥሩ ረድፍ እየቆሙ፣ ልጆቻቸው እያፈሩ፣ እሳቸውም እየተሳቀቁ የሚያልፍ ምሽት ነው። ትክክለኛው መነሻ ከመካከላችን ደካማው ማን ነው የሚለው ነው። ጉልበታቸው የሚያማቸው አባት፣ ነፍሰ ጡር እኅት፣ ሕፃን ልጅ ካለ ዕቅዱ በእነሱ ልክ ይሰፋል፤ ለእነሱ የበቃ ለሌላው ይተርፋል። በሬድ ሮክስ የአካል ጉዳት ላለባቸውና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የተለዩ መቀመጫዎች ያሉት በመጀመሪያውና በመጨረሻው፣ ማለትም በ1ኛውና በ70ኛው ረድፍ ነው። እነዚህ መቀመጫዎች ጥቂት ስለሆኑ ቲኬቱ ከተገዛ በኋላ የሚፈለጉ አይደሉም፤ ሲገዛ የሚጠየቁ ናቸው።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። ክፍት አምፊቲያትር የትም ቢቀመጡ እኩል ይሰማል የሚል እምነት በሰፊው አለ፤ ምስክር ተደርጎ የሚጠራውም በግሪክ የሚገኘው ከ4ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የቆየው የኤፒዳውሮስ ቲያትር ነው። አስጎብኚዎች መሀል ላይ ሳንቲም ጥለው በላይኛው ረድፍ እንደሚሰማ ይናገራሉ። በ2007 የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች የኖራ ድንጋዩ መደዳዎች ወፍራሙን ድምፅ እየቀነሱ ቀጭኑን እንደሚያጎሉ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ዝናው ከምንም የተነሣ አይደለም። በ2017 ግን ከሆላንድ አይንድሆቨን የሄዱ ተመራማሪዎች በብዙ ቦታ በመሣሪያ ለክተው ሹክሹክታው እስከ መጨረሻው ረድፍ ጥርት ብሎ ይሰማል የሚባለው እውነት እንዳልሆነ አረጋገጡ። ጥንታዊው ድንቅ ቲያትር እንኳ ሁሉንም ረድፍ እኩል ካላደረገ በድምፅ ማጉያ የሚሠራው የዛሬው መድረክም አያደርግም። በገላጣ ስፍራ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ነፋስ ቀጭኑን ድምፅ ይዞት ይሄዳል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከመድረኩ 100 ሜትር የራቀ ሰው የከበሮ መቺው እጅ ሲያርፍ ካየ በኋላ ምቱን የሚሰማው የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው።

ታዲያ የት እንቀመጥ? መልሱን የሚወስነው ለምን እንደምንሄድ ነው። የዘፋኙን ፊት ማየት የሚሻ ወደ ፊት ይቀርባል፤ ግን ድምፁ ይከብደዋል። ሙዚቃውን በተመጣጠነ ሁኔታ መስማት የሚፈልግ የድምፅ ባለሙያው ጠረጴዛ ወደሚገኝበት አካባቢ ይቀመጣል፤ ባለሙያው የሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ነውና ከእሱ አጠገብ ያለ ሰው እሱ ያሰበውን ይሰማል። ቋጥኞቹን፣ ሕዝቡንና የዴንቨርን መብራት አንድ ላይ ማየት የሚወድ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቲኬቱ ርካሽ የሆነበት ረድፍ እይታው የከበረበት ረድፍ ይሆናል። ስለዚህ ውድ ቲኬት ሁልጊዜ የተሻለ ቲኬት አይደለም። ስለ ጆሮ ጤናም አንድ ነገር መጨመር ግዴታዬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በሙዚቃ ቦታዎች የድምፁ አማካይ መጠን ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ተቋም ደግሞ በ100 ዴሲቤል ያለ መከላከያ መቆየት የሚገባው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው ይላል። ኮንሰርት ሁለትና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የጆሮ መሰኪያ ዋጋው ከአንድ መጠጥ ያነሰ ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ ጆሮን ከላይ የሚሸፍነው ዓይነት ያስፈልጋል። የተጎዳ ጆሮ አይመለስምና በዚህ ላይ ይሉኝታ አያዋጣም።

አራተኛው መምጫና መሄጃ ነው፤ ቲኬቱም የዚሁ ክፍል ነው። ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የቲኬት ሻጮች ሁሉንም የግዴታ ክፍያ የደመሩበትን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ያስገድዳል፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ዝቅተኛ ዋጋ አሳይቶ በመክፈያው ላይ ክፍያ የሚጨምር ሻጭ ካጋጠማችሁ ያ ሻጭ ከሕግ ውጭ ነው። የሬድ ሮክስ ቲኬት የሚሸጠው ኤኤክስኤስ በተባለው ቲኬት ሻጭ በኩል ነው፤ በኢንተርኔት ፍለጋ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ግን ብዙ ጊዜ የመልሶ ሻጭ ነው። ቲኬቱ በስልክ ላይ የሚታይና ምልክቱ የሚለዋወጥ ስለሆነ ፎቶ አንሥቶ መላክ አይሠራም። አንድ ሰው ለስምንት ሰው ገዝቶ ሁሉንም በራሱ ስልክ ከያዘ፣ እሱ ሲዘገይ ስምንቱም በር ላይ ይቆማሉ፤ ሺዎች በተሰበሰቡበት ቦታ ደግሞ የስልክ መስመር ይጨናነቃል። ቲኬቱን ለየባለቤቱ ከቤት ሳይወጡ ማስተላለፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ስለ ሰዓትም በግልጽ እንነጋገር። የሐበሻ ቀጠሮ በራሳችን ዝግጅቶች ላይ ብዙም አይጎዳንም፤ አዘጋጁም፣ ዘፋኙም፣ እንግዳውም አብረው ስለሚዘገዩ ሁሉም ይገናኛል። ሬድ ሮክስ ግን የመዝጊያ ሰዓት ያለው የከተማ ንብረት ስለሆነ ኮንሰርቱ የሚጀምረው በተጻፈው ሰዓት ነው። መደበኛ የከተማ አውቶቡስ እስከ በሩ አይደርስም፤ አብዛኛው ሕዝብ በኢንተርስቴት 70 ወይም በሌሎቹ መንገዶች በመኪና ይመጣል። በአንድ መኪና ሦስት ሰው ቢሳፈር እንኳ ለሞላ አምፊቲያትር ከ3,000 በላይ መኪና ማለት ነው፤ ያ ሁሉ መኪና ኮንሰርቱ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ወደ ጠባብ የተራራ መንገድ ይወጣል። ምርጫው ሁለት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ትቶ ቀድሞ መውጣት፣ ወይም ሙዚቃው ካበቃ በኋላ ሰዉ እስኪቀል ተቀምጦ መጨዋወት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ከሁሉ የከፋው ሳይወስኑ ቀርቶ ከሁሉም ጋር መጋፋት ነው። መኪና የሚነዳው ሰው እንደማይጠጣም ሲመለሱ ሳይሆን ሲነሡ ይታወቅ። ኮንሰርቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ የሚጾም ሰው እዚያ የሚሸጠውን ምግብ ተስፋ አድርጎ አይሂድ፤ ምን ይዞ መግባት እንደሚፈቀድ የዚያን ዝግጅት ደንብ አንብቦ ቆሎውን ወይም ዳቦ ቆሎውን ይያዝ።

አሁን ዋናውን ተቃውሞ ልመልስ። ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ጥንቃቄውንም፣ ድካሙንም በእሱ ላይ መጫን ተገቢ ነው? ኃላፊነቱ የባለቤቱና የአዘጋጁ መሆን አልነበረበትም? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ያንን ግማሽ አልክድም። በጊዜ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ የመውጫ መንገድ ማዘጋጀት፣ ሕክምና ማቅረብ፣ የአካል ጉዳተኞችን መቀመጫ ማስከበር የአድማጩ ሥራ አይደለም። በ2016 የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ለእነሱ የተለዩት የመጀመሪያው ረድፍ መቀመጫዎች በሌሎች ሰዎች እየተያዙ ተቸግረናል ብለው የዴንቨርን ከተማ ከሰሱ፤ ከተማዋም በስምምነት ጉዳዩን ለመፍታት እርምጃ ወሰደች። ይህ ባለቤቱ ድርሻውን ሲያጎድል የሚጠየቅ መሆኑን ያሳያል። ሌላውን ግማሽ ግን ማንም ባለቤት ሊወጣው አይችልም። የእናንተ እናት ስንት ደረጃ መውጣት እንደሚችሉ፣ ልጃችሁ በስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚወስደው፣ ማን ብርድ እንደማይችል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መብትን መጠየቅና ድርሻን መወጣት አይጣሉም፤ ስለ ቦታው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የጎደለውን ለይቶ የመጠየቅ ዐቅሙ ይበልጣል።

ሌላው ተቃውሞ፣ ይህ ሁሉ ዝግጅት ካስፈለገ ቤት ተቀምጦ የተቀረጸውን መስማት አይሻልም ወይ የሚል ነው። የተቀረጸው ድምፅ ጥራቱ የተሻለ መሆኑን እቀበላለሁ። ሰው ወደ አደባባይ የሚወጣው ግን ለድምፅ ጥራት ብቻ አይደለም፤ በሺህ ከሚቆጠር ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ለመደሰት ነው። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥምቀትን በጃን ሜዳ፣ ደመራን ደረጃ በደረጃ በተሠራው መስቀል አደባባይ ያከበረ ሕዝብ ከሰማይ በታች መሰብሰብ ምን እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም። በዚያው በመስቀል አደባባይ በ2005 የቦብ ማርሊ 60ኛ የልደት በዓል ሲከበር የተሰበሰበውን ሕዝብ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ገንዘብ የለኝም ለሚልም መልስ አለ። ሬድ ሮክስ የሕዝብ መናፈሻ ስለሆነ ዝግጅት በሌለበት ሰዓት በነጻ ይገባል። ቤተሰቡ በአንድ ጠዋት ወጥቶ ደረጃውን ቢሞክር፣ ረድፎቹን ቢያይ፣ አባት የት ላይ እንደሚመቻቸው ራሳቸው ቢመርጡ ያለ ምንም ወጪ ግማሹን ዕቅድ ጨረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለቲኬት የሚወጣው ገንዘብ በጨለማ የተወረወረ አይሆንም።

ይህ ክርክር ከሬድ ሮክስም ይሻገራል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው በዓል የሚካሄደው በሜዳ ላይ፣ በሙቀት ውስጥ፣ ሽማግሌና ሕፃን ባለበት ነው። በየከተማው የምናዘጋጃቸው የአዲስ ዓመት በዓላትም እየበዙ ወደ ደጅ እየወጡ ነው። በእነዚህ ላይ ደጋሾቹ እኛው ነንና ሁለቱም ድርሻ በእኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ወደ ሌላው አምፊቲያትር እንግዳ ሆነን መሄድን በሚገባ የተማርን እንደሆነ የራሳችንን ስንደግስ ጥላ የት እንደሚያስፈልግ፣ ውኃ የት እንደሚቀመጥ፣ ሰዉ ዝናብ ቢመጣ ወዴት እንደሚገባ አስቀድመን እንጠይቃለን።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። በዚህ ሰመር ወደ ሬድ ሮክስም ሆነ ወደ ሌላ ክፍት መድረክ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቲኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት አብረዋችሁ የሚሄዱትን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቡና አራት ጥያቄ መልሱ፦ ከመካከላችን ደካማው ማን ነው? የሚመቸውስ የትኛው ረድፍ ነው? አየሩ ቢከፋ ወዴት እንገባለን? ከሰዉ ቀድመን ነው ወይስ ከሰዉ በኋላ የምንወጣው? አራቱን ለመመለስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እናቶቻችንንና አባቶቻችንንም እዚያ ዳገት ነው፣ ለእናንተ አይሆንም እያልን ከቤት አናስቀራቸው፤ የሚያስቀራቸው ዳገቱ ሳይሆን የእኛ አለመዘጋጀት ነው።